ሁለት ተማሪዎች እኩል 87 ሲያመጡ አንዱ ለምን ከዝርዝሩ ይጠፋል? ጃቫ ለምትማሩ

ዛሬ ጃቫ የሚማሩ ብዙ ጀማሪዎች የሚደናገሩበትን ነገር ይዘን መጥተናል። ኮድ ጽፋችሁ የማታውቁም አንብቡት፣ ሐሳቡ አይከብድም።

ለጃቫ የቁጥር ዝርዝር ሰጥታችሁ «ደርድር» ብትሉት ወዲያው ይደረድረዋል። 3 ከ5 እንደሚቀድም ያውቃላ! ግን ራሳችሁ «ተማሪ» የሚል ክላስ ብትሠሩስ? ስም አለው፣ መታወቂያ ቁጥር አለው፣ ውጤት አለው። በየትኛው ይደርድር? ጃቫ አይገምትም። ካልነገራችሁት ኤረር ይሰጣችኋል።

የምንነግረው በኢንተርፌስ ነው። ኢንተርፌስ ባጭሩ ውል ማለት ነው። ውሉን የፈረመ ክላስ የተባለውን ሥራ መሥራት አለበት፣ እንዴት እንደሚሠራው ግን የራሱ ጉዳይ ነው። ለድርደራ ሁለት ውሎች አሉ፦

👉 ኮምፓረብል፦ ክላሱ ራሱ ውስጥ ይጻፋል። «እኔ ከዚህኛው ጋር ስነጻጸር የት ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ በቁጥር ይመልሳል። ኔጌቲቭ ከሆነ እቀድማለሁ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ እከተላለሁ፣ ዜሮ ከሆነ እኩል ነን ማለት ነው።

👉 ኮምፓሬተር፦ ከክላሱ ውጭ ይጻፋል። ሬጅስትራሩ በስም፣ መምህሩ በውጤት ሊፈልግ ይችላል። ለእያንዳንዱ አንድ ኮምፓሬተር ትጽፋላችሁ፣ የተማሪ ክላስ አይነካም። በ2014 ከወጣው ጃቫ 8 ወዲህ ደግሞ «በውጤት፣ እኩል ከሆኑ በስም» የሚለው በአንድ መስመር ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ችግር የሚያመጣው ዜሮው ነው።

ተራ ሊስት ስትደረድሩ እኩል የሆኑት በነበሩበት ቅደም ተከተል ይቆያሉ፣ ማንም አይጠፋም። ትሪሴት ላይ ግን ሌላ ነው። ትሪሴት ዜሮ ካየ «ይሄ ቀድሞ ገብቷል» ብሎ ያስባል። ስለዚህ በውጤት ብቻ ብታነጻጽሩ፣ 87 ካመጡት ሁለቱ በኋላ የመጣው አይገባም። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። 50 ሰው አስገብታችሁ 49 ታገኛላችሁ። ዝርዝሩ ለስኮላርሺፕ ወይም ለሥራ ቢሆን አንድ ሰው በስህተት ቀረ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ንጽጽሩ መጨረሻ ላይ የማይደገም ነገር ጨምሩ፣ ለምሳሌ መታወቂያ ቁጥር። ያኔ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መቼም ዜሮ አይሆኑም።

የአማርኛ ስም ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ጃቫ ፊደልን የሚያነጻጽረው በዩኒኮድ ቁጥሩ ነው። እዚያ ሠ ትቀድማለች፣ ረ ትከተላለች፣ ሰ ከዚያ በኋላ ነች። ስለዚህ ዝርዝሩ «ሠላም፣ ራሄል፣ ሰላም» ሆኖ ይወጣል፤ በሁለት ሰላሞች መሀል ራሄል ትገባለች። ስሟን የሚፈልግ ሰው አንዱ ቦታ አይቶ ካጣት «የለችም» ብሎ ይሄዳል። ይህን ለማስተካከል ሠን እንደ ሰ፣ ሐን እና ኀን እንደ ሀ፣ ዐን እንደ አ የሚቆጥር ኮምፓሬተር ጻፉ። የሚለወጠው ለንጽጽር ብቻ ነው፣ ሰው የተጻፈለትን ስም አትንኩበት። ግን ልብ በሉ፦ አሁን ሠላም እና ሰላም እኩል ሆኑ፣ ዜሮ መጣ። መታወቂያ ቁጥሩ እዚህም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎች ለማነጻጸር አንዱን ቁጥር ከሌላው ይቀንሳሉ። ለፈተና ውጤት ይሠራል፤ ነገር ግን ኢንት የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ስለሆነ ከትልቅ ፖዘቲቭ ቁጥር ትልቅ ኔጌቲቭ ቁጥር ሲቀነስ ሞልቶ ይገለበጥና ትልቁን ትንሽ ያደርገዋል። «ኢንቲጀር ዶት ኮምፔር» ተጠቀሙ።

ኮዳችሁን ከማስረከባችሁ በፊት እኩል ውጤት ያላቸው ሁለት ተማሪዎች አስገቡና ቁጠሩ። ስንት ወጣላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ ጃቫ ለሚማር ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።