ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ የሚቆጠር ክሬዲት፦ ለሐርጌሳ ተማሪ ምን ያህል ይደርሰዋል?

በአሜሪካ አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 3 ክሬዲት ነው፤ ይኸውም በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ክፍል ገብቶ፣ ከክፍል ውጭ ደግሞ የዚያን እጥፍ አጥንቶ አንድ ሴሚስተር መጨረስ ማለት ነው። አሥር ኮርስ ያጠናቀቀ ተማሪ የአንድ ዓመት ትምህርት ጨርሷል። ይህን ዓመት ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የሚጨርስ ወጣት በአሜሪካ ብርቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ቤተሰብን ለዓመታት ዕዳ ውስጥ በሚከትበት አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ዘመዶቹ ሚኒያፖሊስ፣ ኮሎምበስ ወይም ሲያትል የሚኖሩለት የሐርጌሳ ቤተሰብም ወሬውን ከሰማ ቆይቷል። ጥያቄው ዕድሉ ሶማሌላንድ ውስጥ ተቀምጦ ለሚማር ልጅ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው።

ክሬዲቱ የሚገኝባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፈተና ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው የኤስኤቲ ፈተና ባለቤት የሆነው ኮሌጅ ቦርድ አድቫንስድ ፕሌስመንት፣ በአጭሩ ኤፒ፣ የተባለውን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ያስተዳድራል። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ በራሱ ትምህርት ቤት፣ በራሱ መምህር፣ በኮሌጅ ደረጃ የተዘጋጀ ትምህርት ይከታተልና በግንቦት ገደማ ይፈተናል። የካልኩለስ ፈተናን ብንወስድ 45 የምርጫ ጥያቄና ተሠርተው የሚታዩ 6 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ አብዛኛው ያለ ካልኩሌተር ይሠራል። ተሠርተው በሚታዩት ጥያቄዎች ላይ መልሱ ብቻውን አይበቃም። አካሄዱን ያላሳየ ተማሪ መልሱ ትክክል ቢሆንም ነጥብ ይቀነስበታል፤ በአንጻሩ መጨረሻ ላይ የደመረው ቢሳሳትም አካሄዱ ትክክል ከሆነ ነጥብ ያገኛል። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች 3 ላመጣ ክሬዲት ይሰጣሉ፤ ጠበቅ ያሉት 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ።

ሁለተኛው መንገድ ኮርሱን ከኮሌጁ ከራሱ መውሰድ ነው። ተማሪው ወይ ኮሌጁ ድረስ ሄዶ ይማራል፣ ወይ ኮሌጁ የተቀበለው መምህር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያስተምረዋል። አንዱ ኮርስ በሁለት መዝገብ ይሰፍራል፦ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያውም ለኮሌጅ ትራንስክሪፕቱም። ሚኒሶታ ይህን በሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኮሌጅ ሲማሩ ክፍያውንም መጽሐፉንም ግዛቲቱ ትሸፍናለች። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ የጀመረችው ራኒንግ ስታርት ትምህርቱን በነፃ ሲሰጥ መጽሐፍና መጓጓዣን ለቤተሰብ ይተዋል። ኦሃዮ ደግሞ ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ ብላ በሩን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ከፍታለች። ሦስቱም ግዛቶች ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በብዛት የሰፈሩባቸው በመሆናቸው በዲያስፖራው ቤት ውስጥ ነገሩ በደንብ ይታወቃል። ከኒው ዮርኩ ባርድ ኮሌጅ ጋር በተያያዙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪው 12ኛን ሲጨርስ 60 ክሬዲት ይዞ፣ የዲግሪውን ግማሽ ጨርሶ የሚወጣበት አሠራር አለ።

ሁለቱ መንገዶች አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው፤ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም ይህን ነው። በኤፒ ፈተና የወደቀ ተማሪ የሚያጣው ክሬዲቱን ብቻ ነው። የኮሌጅ ኮርስ ወስዶ የወደቀ ግን ገና በ16 ዓመቱ ኤፍ የሰፈረበት የኮሌጅ ትራንስክሪፕት ይኖረዋል፤ ውጤቱም ማስተርስ ሲያመለክት ሳይቀር ይጠየቅበታል። ጥሩ ተማሪ ያልሆነ ልጅ ወንድሙ ስለገባ ብቻ መግባት የለበትም።

የክሬዲትን ዋጋ የሚሰጠው ተቋም ያህል የሚቀበለውም ይወስነዋል። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሌላውን ኮርስ ወይም ፈተና የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ እንደ ራሱ ደንብ ይመዝናል። ሃርቫርድ ኮሌጅ ለኤፒ ውጤት የዲግሪ ክሬዲት አይሰጥም። ዳርትመዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ አቁሟል። ኤምአይቲ የሚሰጠው በጥቂት ትምህርቶች፣ ያውም ከፍተኛውን ውጤት ላመጣ ብቻ ነው። አንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ወይም የግዛት ዩኒቨርሲቲ ግን ለተማሪው የአንድ ዓመት ክሬዲት ሳያንገራግር ሊቆጥርለት ይችላል። ለእንግዳ ሰው ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፦ የዩኒቨርሲቲው ስም ገናና በሆነ ቁጥር ክሬዲቱ የሚቆጠርበት ዕድል እየጠበበ ይሄዳል። ሆኖም ትምህርቱ ከንቱ አይቀርም። ካልኩለስን ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ ክሬዲት ባይቆጠርለትም ወደ ከፍተኛው ክፍል ይመደባል፤ ሲያመለክትም ማመልከቻው ክብደት ያገኛል።

ሐርጌሳ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሶማሌላንድ የትምህርት ሥርዓት ስምንት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃና አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ በሶማሊኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። የስምንተኛ ክፍልና የፎርም ፎር (የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት) ተማሪዎች አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናሉ። ፎርም ፎርን ያለፈ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደተከፈተው የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ከተማዋ ውስጥ ወደበዙት የግል ተቋማት ይገባል፤ ከእነዚህ አንዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እዚያ ቅርንጫፍ የከፈተው አድማስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሶማሌላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነቷን ካወጀች ወዲህ ሰፊ ዓለም አቀፍ እውቅና አላገኘችም። በመሆኑም የሐርጌሳ ተማሪ የፎርም ፎር ሰርተፍኬቱን ይዞ ባሕር ማዶ ሲያመለክት፣ ወረቀቱን የሚመረምረው ሰው ስለ ፈተናው ምንም የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ልጁ ጎበዝ መሆኑን በውጭ ሰው ዘንድ የሚያስመሰክር ሌላ መለኪያ ያስፈልገዋል። በሐርጌሳ የኮሌጅ ደረጃ ፈተናም ሆነ ኮርስ ዋጋው በዋናነት እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘብና ጊዜ መቆጠቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ይህን ቀድሞ የተረዳው የአባርሶ ትምህርት ቤት ነው። በአሜሪካ የኢንቨስትመንት ፈንድ ሲያስተዳድር የነበረው ጆናታን ስታር እ.ኤ.አ. በ2009 ከሐርጌሳ በስተምዕራብ በምትገኘው የአባርሶ መንደር አዳሪ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ተማሪዎቹ በስምንተኛ ክፍል ፈተና ብልጫ ካመጡት መካከል የሚመረጡ ናቸው። ግቢው ውስጥ በመኝታ ቤትም በመመገቢያ አዳራሽም እንግሊዝኛ መናገር ግዴታ ነው፤ ማታ ማታ ቁጥጥር ያለበት የጥናት ሰዓት አለ። መምህራኑ አብዛኞቹ ከኮሌጅ የወጡ ወጣት አሜሪካውያን ሆነው በአነስተኛ ክፍያ ያስተምሩ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአርብቶ አደር ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ኤምአይቲ ገባ፤ ሌላው ሃርቫርድ ገባ። በሩን ከከፈቱላቸው ነገሮች አንዱ በየትም አገር በአንድ ዓይን የሚታይ የፈተና ውጤት ማምጣታቸው ነው። ከተመረጡት አንዳንዶቹ በመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በአሜሪካ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረው ነው ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገሩት። ስታር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሴቶችን በተለይም ለመምህርነት የሚያሠለጥን ባርዋቆ ዩኒቨርሲቲን ከፍቷል፤ ጥሩ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ጥሩ መምህር እንደማይገኝ ያየ ሰው የወሰደው ትክክለኛ እርምጃ ነው።

አንድ አገር ልጆቹን በውጭ ፈተና ማስመዘኑ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ የጄኔራል ዊንጌትና የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤቶች ቀደምት ተማሪዎች የለንደን ዩኒቨርሲቲን ፈተና ይፈተኑ ነበር። ኢትዮጵያ የራሷን የመልቀቂያ ፈተና አቋቁማ ስሙን ለማስከበር ዓመታት ፈጅቶባታል።

ኢትዮጵያ ከዚያም በኋላ የዩኒቨርሲቲን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የማውረድን ነገር በአገር ደረጃ ሞክራዋለች፤ ለሐርጌሳ ከሚኒሶታ ይልቅ የሚቀርበው ትምህርትም ከዚህ ይገኛል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ አደረጋቸው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራ ላይ ሲውል ቀድሞ በፍሬሽማን ዓመት ይሰጥ የነበረው ይዘት ወደ መሰናዶ ወረደ፤ አብዛኛው የዲግሪ ትምህርትም ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በሐሳብ ደረጃ ይህ አሜሪካ ለፈቃደኛ ተማሪዎች የምትሰጠውን ለመሰናዶ ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማዳረስ ነበር። ይሁንና ይዘቱ ሲወርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምሩት የነበሩት መምህራን፣ ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ አብረውት አልወረዱም። ጉድለቱን ለመሙላት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት መጣ። የዚያ ዘመን ተማሪ የሆነ ሁሉ የሚያስታውሰው ነው፦ በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ለመልሱ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ፣ ክፍሉ ገና ጥያቄውን ሳይገለብጥ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት በዚያው ያመልጣል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ፤ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ በመጀመሪያው ዓመት መሰጠት ጀመሩ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሲሆን፣ መንግሥት ሬሜዲያል ብሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር ግድ ሆነበት። ወደ ታች ይወርዳል የተባለው ትምህርት ተገልብጦ ወደ ላይ ወጣ።

አሜሪካኖቹ ይህን ችግር የተከላከሉት በመምህሩ ላይ በጣሉት መስፈርት ነው። ሚኒሶታና ኦሃዮን የሚያካትተው የእውቅና ሰጪ አካል ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው መለኪያ መሠረት፣ ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ የኮሌጅ ኮርስ የሚያስተምር ሰው ማስተርስ ሊኖረው፣ በሚያስተምረውም ዘርፍ 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ሊኖረው ይገባ ነበር። ሐርጌሳ ውስጥ ይህን የሚያሟላ መምህር በብዛት የሚገኘው በዩኒቨርሲቲዎቹ እንጂ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አይደለም። ስለዚህ ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ መውሰዱ ይቀላል። ከተማዋ ውስጥ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚራራቁ አይደሉም። ጥቂት ጎበዝ የፎርም ፎር ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ በአንድ የፍሬሽማን ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ክፍል ቢቀመጡ፣ ዩኒቨርሲቲው ውጤታቸውን በመዝገቡ ቢያሰፍርላቸው፣ ወጪው ወንበርና ታክሲ ነው። ለሁሉም በአንድ ቀን መክፈት ግን የመሰናዶን ስሕተት መድገም ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ በግል መሞከር የሚፈልግ ተማሪ በኢንተርኔት የሚሰጡ ኮርሶች አሉለት፤ በቴሌኮም ኩባንያዎቹ በቴሌሶምና በሶምቴል አገልግሎት ሐርጌሳ በኢንተርኔት አትቸገርም። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020ዎቹ መጀመሪያ ባስቀመጠው አሠራርና በዚያን ጊዜ ዋጋ ተማሪው በ25 ዶላር ተመዝግቦ የፍሬሽማን ኮርስ ይማራል፤ ውጤቱን አይቶ ከወደደው 400 ዶላር ከፍሎ በትራንስክሪፕት ያሰፍረዋል፤ ካልወደደው ይተወዋል፣ የወደቀበትም መዝገብ አይቀርም። 400 ዶላር በሐርጌሳ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ ሆኖም ከመክፈል በፊት ውጤትን ማየት መቻሉ ለልጁ ትልቅ ከለላ ነው። የኤፒ ፈተና በአንጻሩ ፈቃድ ባለው ማዕከል ብቻ ይሰጣል፤ ለአንዱ ትምህርት ከ100 ዶላር በላይ የሚያስከፍል ሲሆን፣ ማዕከል በአቅራቢያው ለሌለው ተማሪ ወደ ጎረቤት አገር የመጓዣና የማደሪያ ወጪም ይጨመርበታል። ማንኛውንም ኮርስ የወሰደ ተማሪ የኮርሱን ሲላበስ ማስቀመጥ አለበት፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የኮርሱን ስም ብቻ አይቶ አይወስንም፤ በየሳምንቱ ምን እንደተማረ፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደተጠቀመ፣ በምን እንደተፈተነ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ደግሞ በሐርጌሳ በተለይ መታወቅ አለበት። ፎርም ፎርን ሳይጨርስ የኮሌጅ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ምንም ያህል ክሬዲት ቢያከማች በአብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የሚታየው እንደ አዲስ ገቢ ነው። ፎርም ፎርን ጨርሶ፣ ከውጭ መልስ እስኪመጣ ጊዜዬን ላሳልፍ ብሎ አንድ ሴሚስተር በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ግን በብዙዎቹ ዘንድ ተዘዋዋሪ አመልካች ይሆናል። ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠው ሙሉ ስኮላርሺፕ ደግሞ በብዙ ቦታ ለአዲስ ገቢ ብቻ የተመደበ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ለማመልከት ያሰበ ልጅ የመልቀቂያ ፈተናውን ተፈትኖ በሚጠብቅበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ከመመዝገቡ በፊት፣ የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ማንን አዲስ ገቢ፣ ማንን ተዘዋዋሪ እንደሚል ጽፎ ቢጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ቢቀበል ይሻለዋል።