አንቀበልም ከተባለ ስጦታ የተወለደ ቤተ መዘክር

የቤት ቄስ ክብር የለውም ይባላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የአሜሪካ ሠዓልያን ዕድል ይህንኑ ይመስል ነበር። ባለጸጋው ከፓሪስ ለመጣ ሥዕል ገንዘቡን አይሰስትም፤ የአገሩ ልጅ የኒው ዮርክን ጎዳና ሥሎ ሲያቀርብለት ግን ፊቱን ያዞራል።

ይህ ነገር ካሳሰባቸው ሰዎች አንዷ ወይዘሮ ገርትሩድ ቫንደርቢልት ዊትኒ ነበሩ። በ1875 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከታወቀ ባለሀብት ቤተ ሰብ የተወለዱት እኒህ ወይዘሮ ራሳቸው ሐውልት ቀራፂ ስለ ነበሩ የባለሙያውን ችግር ያውቁታል። በ1914 ግሪንዊች ቪሌጅ በተባለው ሠፈር የሥዕል ማሳያ ከፈቱ፤ በ1918 ደግሞ የሠዓልያን ክበብ አቋቋሙ። በኋላ ስመ ጥር የሆኑት ኤድዋርድ ሆፐር ሥራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻቸው ያሳዩት በ1920 በዚሁ ክበብ ነው።

ወይዘሮዋ ከሠዓልያኑ እየገዙ ያከማቹት ሥራ ከ500 በላይ ደረሰ። በ1929 ይህን ሁሉ ለታላቁ ሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር በነጻ ለመስጠት ረዳታቸውን ጁሊያና ፎርስን ላኩ። ዲሬክተሩ ግን ስጦታውን አልቀበልም አሉ። ወይዘሮ ዊትኒም በነገሩ ተስፋ ሳይቆርጡ በ1930 በስማቸው የሚጠራውን ቤተ መዘክር መሠረቱ፤ ጁሊያና ፎርስም የመጀመሪያዋ ዲሬክተር ሆኑ። በሩ ለሕዝብ የተከፈተው በኖቬምበር 1931፣ ሥራ ፈቱ በበዛበትና ንግድ በወደቀበት በዚያ ክፉ ዘመን ነው። በ1932 በተደረገው የመጀመሪያ የሁለት ዓመት ትርዒት ዳኛም ሽልማትም አልነበረም፤ የሚታየውን ሥራ የመረጡት ሠዓልያኑ ራሳቸው ናቸው።

መሥራችዋ በ1942 ሲያርፉ ቤተ መዘክሩን ከሜትሮፖሊታን ጋር ለማዋሐድ ታስቦ ነበር፤ ዳሩ ግን ሐሳቡ በ1948 ቀረ። ከዚያም በ1954 ወደ ሃምሳ አራተኛው መንገድ፣ በ1966 ማርሴል ብሮየር በማዲሰን ጎዳና ወደ ሠሩት ሕንፃ፣ በ2015 ደግሞ ሬንዞ ፒያኖ በሀድሰን ወንዝ አጠገብ ወደ ነደፉት ቤት ተዛወረ። በአዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ መህረቱ በ2021 የብዙ ዓመት ሥራዋን ያሳየችው በዚሁ በአዲሱ ሕንፃ ነው።

የዓለም ነገር ግን ይገርማል። ያንን ስጦታ የመለሰው ሜትሮፖሊታን፣ ዊትኒ የለቀቀውን የማዲሰን ሕንፃ ተከራይቶ ከ2016 እስከ 2020 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማሳያ አደረገው። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የአገር ልጅ ሥራ ዋጋ የሚያገኘው ጊዜ ሲያልፍ ብቻ እንዳይሆን፣ ዛሬውኑ አይቶ የሚገዛና የሚጠብቅ ወዳጅ ያስፈልገዋል።