ዘውዶች ሲዋሐዱ ሕዝቦች ምን አገኙ?

የመንግሥታት ውሕደት ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በነገሥታትና በመሣፍንት ስም ነው። በመሆኑም ሁለት ጎረቤት አገሮች አንድ ሆኑ በተባለ ቁጥር፣ ውሉን የተዋዋለው ማን ነው? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ውሕደት ለዚህ ጥያቄ ጉልህ ምሳሌ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1603 የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳትወልድ ስትሞት፣ ዘመዷ የሆነው የስኮትላንድ ንጉሥ ስድስተኛው ጄምስ የእንግሊዝን ዘውድ ደርቦ ጫነ። ይሁን እንጂ ንጉሡ አንድ ሲሆን ሁለቱ ፓርላማዎች፣ ሕጎችና አብያተ ክርስቲያናት እንደተለያዩ ቀሩ።

የዚህ አደረጃጀት ተቃርኖ ፈጥጦ የወጣው በዳሪየን ነው። የስኮትላንድ መኳንንትና ነጋዴዎች 400,000 ፓውንድ ስተርሊንግ አክሲዮን ፈርመው በፓናማ ምድር ቅኝ ግዛት ሊመሠርቱ በ1698 መርከብ ላኩ። የሁለቱም አገሮች ንጉሥ የነበረው ዊሊያም ግን ለእንግሊዝ ጥቅም አድልቶ፣ በአሜሪካ የነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ስኮትላንዳውያኑን እንዳይረዱ አገደ። በሽታ፣ ረኀብና የስፔን ጦር ተጨምረውበት ውጥኑ በ1700 ከሸፈ፤ ብዙ ሰፋሪም አለቀ።

በ1705 የእንግሊዝ ፓርላማ ሌላ ጫና አከለ። ስኮትላንዳውያን ለውሕደት ድርድር ካልተቀመጡ ወይም የእንግሊዝን አልጋ ወራሽ ካልተቀበሉ እንደ ባዕድ እንዲቆጠሩ፣ የቀንድ ከብታቸው፣ የድንጋይ ከሰላቸውና የተልባ እግር ጨርቃቸውም ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ የሚያዝ ሕግ አወጣ። በዚህም የተነሣ በ1706 ከየወገኑ 31 ተደራዳሪዎች ለንደን ላይ ተገናኝተው 25 አንቀጾች ያሉትን ውል አረቀቁ።

ሕዝቡስ ምን አለ? ከየከተማውና ከየአውራጃው የተቃውሞ አቤቱታ ጎረፈ፤ በኤዲንብራና በግላስጎው አደባባዮች ሁከት ተነሣ። መምረጥ የማይፈቀድለት ሰፊው ሕዝብ ከዚህ ሌላ ድምፅ አልነበረውም። የስኮትላንድ ፓርላማ ግን ውሉን በአብላጫ ድምፅ አጽድቆ ራሱን አፈረሰ፤ ውሕደቱም ግንቦት 1 ቀን 1707 በሥራ ላይ ዋለ።

ውሉ የማንን ጥቅም እንዳስከበረ አንቀጾቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ስኮትላንድ የእንግሊዝን የመንግሥት ዕዳ በመጋራቷ በተከፈላት 398,085 ፓውንድ የዳሪየን ባለአክሲዮኖች ተካሱ። ለአንዳንድ ባለሥልጣናትና መኳንንትም በውዝፍ ደመወዝ ስም 20,000 ፓውንድ በምስጢር ታደለ። 20ኛው አንቀጽ ደግሞ የመሣፍንቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዳኝነት ሥልጣን እንደ ንብረት መብት ተቆጥሮ እንዲጠበቅ ደነገገ።

በአንጻሩ የስኮትላንድ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ በ1606 በወጣ ሕግ ከጉድጓዱ ጋር ታስሮ ይኖር ነበር። ያለ ጌታው ፈቃድ ሌላ ቦታ ሊቀጠር አይችልም፤ ማዕድኑ ሲሸጥ እርሱም ከማዕድኑ ጋር ወደ አዲሱ ጌታ ይተላለፍ ነበር። ውሉ ይህን ሰንሰለት አልነካውም። ቆፋሪው ፈጽሞ ነጻ የወጣው በ1799፣ ማለትም ከውሕደቱ 92 ዓመት በኋላ ነው።

እርግጥ ነው፣ ውሕደቱ ሰፊ ገበያ ከፍቷል፤ የግላስጎው ነጋዴዎችም ባሪያዎች በሚያለሙት የቨርጂኒያ ትምባሆ በልጽገዋል። ፋብሪካ ሲስፋፋ ግን ከላይ ያልታሰበ ሌላ ውሕደት ከታች ተወለደ። ከ1838 ጀምሮ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ሠራተኞች በቻርቲስት ንቅናቄ ተሰልፈው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ እንዲመርጥ በአንድ ድምፅ ጠየቁ። ይህን አንድነት በገንዘብ የገዛው አልነበረም።

የ1707ቱ ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም። የስኮትላንድ ፓርላማ በ1999 እንደገና ተቋቋመ፤ በ2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔም 55 ከመቶ ያህሉ መራጭ በውሕደቱ መቀጠልን፣ 45 ከመቶ ያህሉ ደግሞ መለየትን መረጠ። በ1707 ያልተጠየቀው ሕዝብ ከ307 ዓመታት በኋላ ተጠየቀ። መሣፍንት የፈረሙትን ውል ዘላቂ ሊያደርገው የሚችለው የሕዝብ ፈቃድ ብቻ መሆኑን የሁለቱ ጎረቤታሞች ታሪክ በሚገባ ያስተምራል።