ከአርባ ሰባቱ በጎች የታመሙት ስንቱ ናቸው? የኳራንቲን ምርመራና የዕድል ስሌት

አንድ ሺህ በጎች ኳራንቲን ገቡ እንበል። ደማቸው ተወስዶ ለብሩሴሎሲስ ተመረመረና 47ቱ ፖዘቲቭ ተባሉ። 47ቱ ከመንጋው ይለያሉ፣ መርከብ አይወጡም፣ ዋጋቸውም በዚያው ቀን ይወድቃል። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ወሬውን ሲሰማ ደግሞ «ከመቶ አምስት የሚጠጋው በሽተኛ ነው» ብሎ የቀሪዎቹንም ዋጋ ለመቀነስ ይደራደራል። ሚሌም ይሁን ደመርጆግ ወይም በርበራ፣ የቁም እንስሳት የሚልክ ሰው ይህ ክርክር አዲስ አይሆንበትም። ብዙ ጊዜ ታዲያ ነጋዴውም ገዢውም 47 የሚለውን ቁጥር በትክክል አላነበቡትም።

ብሩሴሎሲስ እንስሳትን የሚያስወርድ፣ በጥሬ ወተትና በውርጃ ንክኪ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ስለሆነ ምርመራው ቀልድ አይደለም። ለመጀመሪያ ማጣሪያ በብዛት የሚሠራበት ሮዝ ቤንጋል የሚባለው ነው። የደሙ ውሃ ጠብታ ከሮዝ ቀለም ፈሳሽ ጋር ሳህን ላይ ይደባለቃል፤ አራት ደቂቃ ያህል እየተወዛወዘ ይቆይና መርጋት አለመርጋቱ በዓይን ይታያል። ርካሽና ፈጣን ነው። ፍጹም ግን አይደለም፤ ፍጹም የሆነ ምርመራም የለም።

ስሌቱ እንዲታይ ቁጥር እንስጠው። ከሺዎቹ በጎች በእርግጥ የታመሙት 20፣ ማለትም ከመቶ ሁለቱ ናቸው እንበል። ምርመራው ከታመሙት ከመቶ 90ውን ይይዛል፤ ከጤነኞቹ ደግሞ ከመቶ ሦስቱን በስህተት «ታመዋል» ይላል እንበል። ከ20ዎቹ በሽተኞች 18ቱ ይያዛሉ፣ ሁለቱ ያመልጣሉ። ከ980ዎቹ ጤነኞች 29 ያህሉ ያለ ጥፋታቸው ይያዛሉ። 18 እና 29 ሲደመር 47 ነው። ተለይተው ከቆሙት 47 በጎች በእርግጥ የታመሙት 18 ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ ከመቶ 38 ገደማ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጤነኞች ናቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ምርመራው ከመቶ 97 ጤነኞችን በትክክል የሚያልፍ ከሆነ ፖዘቲቭ የተባለ በግ የታመመበት ዕድልም ከመቶ 97 ይመስላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንደኛው «በጉ ጤነኛ ከሆነ ምርመራው ምን ይላል?» ይላል፤ ሁለተኛው «ምርመራው ፖዘቲቭ ካለ በጉ ምንድን ነው?» ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር በሽታው ቀድሞውኑ በመንጋው ምን ያህል እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን መንገድ ያሳየው እንግሊዛዊው ቄስ ቶማስ ቤይስ ነው፤ ጽሑፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1763፣ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ቤይስ ስለ በግ አልጻፈም፤ ስሌቱ ግን ለበግም ይሠራል።

አሁን ያው ምርመራ ከመቶ 20 በሽተኛ ባለበት መንጋ ላይ ቢደረግስ? ከ200ዎቹ በሽተኞች 180 ይያዛሉ፤ ከ800ዎቹ ጤነኞች 24 በስህተት ይያዛሉ። ከ204ቱ ፖዘቲቮች 180ው፣ ማለትም ከመቶ 88ቱ፣ እውነተኛ በሽተኞች ናቸው። ሳህኑ ያው፣ ፈሳሹ ያው፣ ሐኪሙም ያው ነው። የተለወጠው መንጋው የመጣበት ቦታ ብቻ ነው። ከየትኛው ገበያ፣ ከየትኛው አካባቢ ስንት እንደተገዛና ስንቱ ፖዘቲቭ እንደወጣ በደብተር የያዘ ነጋዴ ስለዚህ ከሌላው የተሻለ መረጃ አለው። ሁሉን በየቀለሙ ቀላቅሎ የጫነ ግን የትኛው ምንጭ እንደጎዳው ማወቅ አይችልም።

መፍትሔው ሁለተኛ ምርመራ ነው። ለማረጋገጫ ከሚያገለግሉት አንዱ ኮምፕሌመንት ፊክሴሽን ይባላል። ከታመሙት ከመቶ 95ቱን ይይዛል፣ ከጤነኞቹ ከመቶ አንዱን ብቻ ይሳሳታል ብንል፣ ከ18ቱ በሽተኞች 17 ያህል እንደገና ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ከ29ኙ ጤነኞች ግን አንድም ላይያዝ ይችላል። ወደ 29 የሚጠጉ በጎች ወደ ወረፋቸው ተመለሱ ማለት ነው። የሁለተኛው ምርመራ ወጪ ከ29 በጎች የኤክስፖርት ዋጋ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ያዋጣል ወይ የሚለውን ማንም ነጋዴ በአንድ ወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የሁለቱ ምርመራዎች ስህተት የተለያየ ምንጭ ካለው ነው። በጎቹ ቀደም ሲል ሬቭ 1 የተባለውን የብሩሴሎሲስ ክትባት ከወሰዱ፣ ክትባቱ ራሱ በደማቸው ምልክት ስለሚተው ሁለቱም ምርመራዎች በአንድ ላይ ሊሳሳቱ ይችላሉ። ከአንድ አፍ ሁለት ጊዜ የተሰማ ወሬ ሁለት ምስክር አይሆንም። የክትባት ማስረጃ ከእንስሳቱ ጋር መጓዝ ያለበት ለዚህ ነው፤ መግዣ ላይ ያልተጠየቀ ማስረጃ ደግሞ ወደብ ላይ አይገኝም።

«አሥሩን አይቻለሁ፣ ንጹሕ ነው»

ተቃራኒው ስህተትም አለ። አንዳንድ ገዢ ከሺህ በጎች አሥሩን አስመርምሮ ምንም ካላገኘ መንጋው ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርማል። ከመቶ ሁለቱ በታመሙበት መንጋ፣ ምርመራው ጨርሶ የማይሳሳት ቢሆን እንኳ፣ አሥር ተመርምሮ አንድም በሽተኛ ያለማግኘት ዕድል ከመቶ 82 ነው። ሠላሳ ቢመረመር ከመቶ 55 ነው፤ አሁንም ከግማሽ በላይ። ዕድሉ ወደ ከመቶ አምስት የሚወርደው 150 ያህል ሲመረመር ነው።

የስታቲስቲክስ ሰዎች ለዚህ አቋራጭ አላቸው፤ 3ን ለተመረመረው ብዛት ማካፈል። ሠላሳ ተመርምሮ ምንም ካልተገኘ 3 ሲካፈል ለ30 ከመቶ 10 ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ መንጋው ውስጥ ያለው በሽታ እስከ ከመቶ 10 ሊደርስ እንደሚችል ታስቦ መደራደር አለበት። ሦስት መቶ ከተመረመረ ጣሪያው ወደ ከመቶ አንድ ይወርዳል።

ናሙናው እንዴት እንደተመረጠም ከብዛቱ አያንስም። በር ላይ የቆሙትን ወይም ለመያዝ የማያስቸግሩትን አሥር በጎች መያዝ ናሙና አይባልም፤ ደካማ እንስሳ ለመያዝ ይቀላል፣ ከአንድ ባለቤት የተገዙትም አብረው ስለሚቆሙ ይመሳሰላሉ። እንስሳቱን በጠባቡ መተላለፊያ እያሳለፉ በየስድስቱ ወይም በየሰባቱ አንዱን መያዝ የተሻለ ነው። ደላላው መርጦ ባያቀርብ ይመረጣል።

አማካይ ዋጋም እንዲሁ ያታልላል። አምስት ሰንጋዎች በ58፣ 60፣ 61፣ 63 እና 140 ሺህ ብር ተሸጡ ብንል አማካዩ 76 ሺህ 400 ብር ነው፤ በዚያ ዋጋ ወይም በላይ የተሸጠ ግን አንድ ብቻ ነው። ዋጋቸው በቅደም ተከተል ተደርድሮ መሃል ላይ የሚገኘው 61 ሺህ ለገዢም ለሻጭም የገበያውን እውነት የተሻለ ይናገራል። «ዛሬ አማካዩ ስንት ነበር?» ከማለት «ግማሹ ከስንት በታች ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አብሮ የሚመጣ ኪሳራ

ንግዱን ከሥሩ የሚነቅለው ግን የ29 በጎች ስህተት ሳይሆን ሁሉን በአንድ ቀን የሚመታው ነው። አንድ ነጋዴ ሦስት ጭነት አለው፤ እያንዳንዱ የመታገድ ዕድሉ ከመቶ አሥር ነው እንበል። የአንዱ መታገድ ሌላውን የማይነካ ከሆነ ሦስቱም በአንድ ላይ የሚቀሩበት ዕድል ከሺህ አንድ ነው። ገዢው አገር በሩን የሚዘጋ ከሆነ ግን ሦስቱ አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ዕድሉም ከሺህ አንድ ሳይሆን ከመቶ አሥር ይሆናል። በአማካይ የሚጠበቀው ኪሳራ በሁለቱም ያው ነው። ነጋዴውን ለዕዳ የሚዳርገው ሁለተኛው ነው።

የአካባቢው ታሪክ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ኤልኒኞ ያመጣው ከባድ ዝናብ በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን ቀሰቀሰ፤ በ1998 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከቀጠናው የሚገቡ የቁም እንስሳትን አገደች። እገዳው ከተነሣ በኋላ በ2000 መስከረም በሽታው በራሷ በሳዑዲና በየመን ታየ፤ ከአፍሪካ ምድር ውጭ ሲረጋገጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። እገዳው ተመለሰ፤ የሶማሊያ እንስሳት ወደ ሳዑዲ ገበያ በይፋ የተመለሱት በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት ጭነቱን በአሥር መርከብ ያከፋፈለም በአንድ የጫነም እኩል ተዘጋበት። ማከፋፈል የሚጠቅመው አደጋዎቹ የየራሳቸው ሲሆኑ ብቻ ነው። በ2022 ሰኔ በሱዳኑ ሱዋኪን ወደብ ከ15 ሺህ በላይ በጎች የጫነችው ባድር 1 መርከብ ስትሰምጥ የተረፉት ጥቂት መቶዎች ነበሩ፤ በዚያ ዓይነቱ አደጋ በጎቹን በሁለት መርከብ ማድረግ ያድን ነበር። እገዳን የሚከላከለው ሁለተኛ መርከብ ሳይሆን ሁለተኛ ገዢ አገር ነው።

ዝናቡ አስቀድሞ ስለሚነገር ይህ አደጋ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትን የሚያስተላልፉት ትንኞች እንቁላላቸውን ውሃ በሚቋጥር መሬት ይጥላሉ፤ ጎርፉ ሲመጣ ይፈለፈላሉ። በ2006 መጨረሻ በኬንያ ወረርሽኙ ከመታየቱ በፊት የሳተላይት መረጃን መሠረት ያደረገ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር።

የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክ የሚያወጣው የወቅት ትንበያም በዕድል ቋንቋ የተጻፈ ነው። ያለፉት ዓመታት ዝናብ በሦስት እኩል ቦታ ይከፈላል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም የማያውቅ ሰው ለእያንዳንዱ ከመቶ 33 ይሰጣል። ካርታው በአንድ አካባቢ 45፣ 30፣ 25 ካለ «ዝናብ ይበዛል» ማለቱ አይደለም፤ የመብዛቱ ዕድል ከ33 ወደ 45 ከፍ ብሏል፣ የማነሱም ዕድል ገና ከአራት አንድ ነው ማለቱ ነው። ከመስከረም በፊት መኖ የሚገዛ፣ ወይም ለኅዳር ጭነት ከባሕር ማዶ ገዢ ጋር ቅድሚያ ክፍያ የሚዋዋል ነጋዴ ሁለቱንም ቁጥሮች ማየት አለበት፤ 25ቱ የመኖውን ሒሳብ፣ 45ቱ ደግሞ በውሉ ላይ «እገዳ ቢመጣ ገንዘቡ የማን ነው?» የሚለውን አንቀጽ ይመለከታሉ።