ሁለቴ ለክቶ አንድ ቁጥር፦ የጎማ አላይመንት በቤት

ሞጆ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በአዳማ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው በመቂና በሻሸመኔ በኩል ወደ ሐዋሳ። ደረቅ ወደቡ ያለው በዚሁ መጋጠሚያ ከተማ ነው። የአካባቢው ባለ ትንሽ መኪናም ኮንቴይነር ከጫኑ ተሳቢዎች ጋር አንድ አስፋልት ይጋራል፤ እነሱ ባጎደጎዱት ላይ ይነዳል። አንድ ክፉ ጉድጓድ ደግሞ የጎማን አቅጣጫ ለማዛባት ይበቃል።

አላይመንት ሦስት ልኮች አሉት። ካምበር ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ነው። ካስተር መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል እንዲመለስ የሚያግዘው ዘንበል ነው። ሦስተኛው ቶ ይባላል፤ የቆመ ሰው እግሮች ጣታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚያይ ሁሉ፣ የሁለቱ ጎማዎች ፊት መቀራረብ ወይም መራራቅ ነው። መኪና ጎማ በላ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ ቶው ከዜሮ 3 ሚሊ ሜትር ቢርቅ፣ እያንዳንዱ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር 2.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል። ከሞጆ ሐዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ተጎትቷል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንግዛ? መጀመሪያ የነፋስ መለኪያ። የአንዱ ጎማ ነፋስ ከጎደለ መኪናው ወደዚያ ይስባል፤ ያኔ የተለካ ሁሉ ያሳስታል። ቀጥሎ የብረት ሜትር ነው። የጫፉ መንጠቆ ስለሚወዛወዝ ከ10 ሳንቲ ሜትር መስመር መጀመር ይሻላል። ግንበኛ የሚወጥረው ስፓጎም ዋጋው ትንሽ፣ ውለታው ትልቅ ነው። በመኪናው ግራና ቀኝ፣ በጎማው መሃል ከፍታ ከተወጠረ የትኛው ጎማ እንደተዛባ ለይቶ ያሳያል። ሜትሩ በሞተሩ ስር በቀጥታ አላልፍ ካለ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ የአሉሚኒየም ዘንጎችን ቸርኬው ላይ አስደግፎ ከፊትና ከኋላ መለካት ይቻላል። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ ስለሚያብጥ ዘንጉ እዚያ መደገፍ የለበትም። ለካምበር ውሃ ልክ ይበቃል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ 1 ዲግሪ ማለት 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሌዘርም አለ፤ ግን ራሱ ካልተስተካከለ ስህተቱን በደማቅ መስመር ከማሳየት አያልፍም።

መሣሪያን የሚፈትነው ዋጋው አይደለም። ለክተው፣ መኪናውን ጥቂት ሜትር ገፍተው እንደገና ሲለኩ ያው ቁጥር ከመጣ ልኩ አይዋዥቅም ማለት ነው። የቸርኬ መጣመም እንዳያታልል ደግሞ ጎማዎቹ ላይ ከኋላ በኩል በጠመኔ ምልክት ያድርጉና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ይለኩ። ከዚያ ምልክቶቹ ፊት እስኪደርሱ መኪናውን ወደፊት ገፍተው እነዚያኑ ይለኩ። ልዩነቱ ቶው ነው።

ለማስተካከል መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ፣ የቲራንቴው ማሰሪያ ዳዶ ይላላል። ግራና ቀኙ እኩል ካልተዞሩ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ መሪው ጠሞ ይቀራል። ትክክለኛው ልክ የመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ከሆነ ወርዶ ጥቂት ሜትር ሳይሄድ መለካት ከንቱ ነው፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር መግባት ደግሞ ነፍስን ማስያዝ ነው።

የቤቱ ሥራ ግን ወሰን አለው። ቲራንቴው ወይም ኩሽኔታው ከላላ የዛሬው ልክ ነገ የለም፤ መጀመሪያ ዕቃው ይቀየር። ካስተርንና የኋላ ጎማዎችን ለባለ ማሽኑ መተው ይሻላል። ስፓጎና ሜትር የያዘ ሰው ግን ጎማው ተበልቶ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ከጉድጓዱ ማግስት ለክቶ ያውቀዋል።