መኪና የሚወድ ሰው ምን በልቶ ያድራል?

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን!» አለኝ ልጁ፣ በግራሶ የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ። አባቱ አንድ አይሱዙ ሥር ገብቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። «ምን ይፈርዳል? ያለቀ ነገር ነው። ትምህርትህን ትማራለህ!» የሚል ድምፅ ከመኪናው ሥር ወጣ።

ቦታው ሐይቅ ከተማ ነው። ከደሴ ተነስታችሁ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ስትወርዱ የምታገኟት፣ ስሟን ከጎኗ ከተኛው ውኃ የወሰደችው ከተማ። ጋራዥ ስላችሁ ግንብና ትልቅ በር ያለው እንዳይመስላችሁ። አጥሩ ቆርቆሮ፣ ወለሉ የተቃጠለ ዘይት ሲጠጣ የኖረ አፈር፣ ወንበሩ ደግሞ ያረጀ ጎማ ነው። እኔም ጎማው ላይ ተቀምጬ ነው ዳኛ የሆንኩት።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ልጁ 16 ዓመቱ ነው፤ 10ኛ ክፍል ደርሷል። ከእንግዲህ ትምህርት በቃኝ፣ ጋራዥ ልግባ ብሏል። አባቱ ከልጅነት እስከ እውቀት መፍቻ ጨብጦ የኖረ መካኒክ ነው። «በእኔ ይብቃ» ብሏል። እኔ የአባቱ አብሮ አደግ ነኝ። የመኪና ፍቅር የሚባለው በሽታ ሁለታችንንም የያዘን በአንድ ሰሞን ነው።

ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ። ያኔ በመኪና ያበድነው ልጆች ዛሬ ምን በልተን እናድራለን?

በ1977 ዓ.ም. የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ዓመት ለወሎ ምን እንደነበር ለእናንተ ማስታወስ አያስፈልገኝም። ከአሰብ ወደብ የመጣው የእርዳታ እህል በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆቦና ወደ ኮረም ሲወጣ የሚያልፈው በእኛው ከተማ መሐል ነበር። ከባድ መኪኖቹ ገና በዓይን ሳይታዩ በድምፅ እንለያቸዋለን። ይሄ ፊያት ነው፣ ያ መርቸዲስ ነው እያልን እንወራረዳለን። በሌላ አገር ልጅ መኪና የሚወደው ስለሚያምረው ይሆናል። እኛ የወደድነው እህል ስለጫነ ነው። መኪና ከመጣ ሰው ይተርፋል፤ ካልመጣ የሚሆነውን አይተናል። ይህን ያየ ልጅ መኪናን እንደ ዕቃ አያየውም።

ከዚያ በኋላ ነው የሽቦ መኪና የጀመርነው። ሽቦ ከአጥር፣ ቆርኪ ከቡና ቤት ደጃፍ እንለቅማለን። ከወደቀ ጎማ ቆርጠን ጎማ እናበጃለን፤ ረጅም ሽቦ አጥፈን መሪ እንሠራለን። አምስት ነበርን። ስማቸውን ልተወው፤ ያኔም በስማችን አንጠራራም ነበር። የምንጠራራው በሠራነው መኪና ነው። ‘ትሬንታ ኳትሮ’፣ ‘ኤንትሬ’፣ ‘ላንድሮቨር’፣ ‘ቮልስ’። እኔ መኪናዬ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለምትፈርስ ‘ብልሽት’ ተባልኩ። ዛሬ የማሽከረክራት አሮጌ ዲኤክስ ቅጽል ስሜን አላሳፈረችውም።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንቁጠር።

‘ትሬንታ ኳትሮ’ ይኸው ከአይሱዙው ሥር ያለው ነው። ሥራውን የተማረው በጆሮው ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። «ሁለተኛዋ ኖዝል ናት» ይላል። ሲፈታ ሁለተኛዋ ናት። ሹፌሮች «ሐይቅ ያለው ሰውዬ» እያሉ ከወልዲያ ድረስ መኪናቸውን እያስነከሱ ይመጡለታል። ግን መኪና የለውም። ኖሮትም አያውቅም። ቤቱ የሚገባው በባጃጅ ነው፤ ገንዘብ ያልገባ ቀን በእግሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። ሲመለስ የመፍቻ ሣጥኑ የለም። ከ8 ቁጥር እስከ 32፣ አንድ በአንድ ያጠራቀመው የዕድሜ ልክ ንብረቱ ነበር። «ቤቴን ቢያቃጥሉት ይሻለኝ ነበር» ብሎኛል ያኔ በስልክ። እንደገና ከአንዲት የ13 መፍቻ ጀመረ።

‘ኤንትሬ’ ሹፌር ሆነ። በረዳትነት ነው የጀመረው፤ ስፖንዳ ላይ እያደረ፣ ጎማ እየፈታ፣ ዳገት ላይ ድንጋይ እያስደገፈ። ዛሬ ተሳቢ ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። በፊት የወሎ ሹፌር ሕይወት አሰብ ነበር፤ በባቲ ወርዶ በሚሌ አድርጎ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፤ የሁሉም መኪና አፍንጫ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መኪናው የነጋዴ ነው። የእሱ ደመወዙና አበሉ ነው። ስደውልለት ጋላፊ ላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። «መኪና እወዳለሁ፤ መንገዱን ግን መፍራት ጀምሬያለሁ» አለኝ። በዚህ ጥቂት ዓመት የመንገዱ ወሬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሚስቱ ሐይቅ ተቀምጣ በየማታው የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ «ገብቻለሁ» የሚል ስልክ።

‘ቮልስ’ ሴት ልጅ ናት። ያኔ «ሴት ልጅና መኪና ምን አገናኛቸው!» እየተባለች በአለንጋ ከመሐላችን ትወሰድ ነበር። ማታ ግን ተደብቃ የሠራቻት የሽቦ ቮልስ ከሁላችንም የምታምር ነበረች። ዛሬ ደሴ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ አላት። ካንዴላ ብትሉ፣ ፍሬን ሸራ ብትሉ፣ የትኛው ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ሳታይ ትነግራችኋለች። ከአምስታችን መኪናን ወድዳ መኪና ያበለጸጋት እሷ ብቻ ናት። ምስጢሩን ስጠይቃት ሳቀች። «እናንተ መኪናውን ወደዳችሁ። እኔ የሚሰበረውን ነገር ወደድኩ!»

‘ላንድሮቨር’ን ለማየት በማግስቱ ወደ አምባሰል ወጣሁ። ውጫሌ ላይ ጎሚስታ ነው። ሥራው ከመንገዱ ዳር አንድ መጭመቂያ፣ አንድ በርሜል ውኃና የተቆለለ ጎማ ነው። የነፈሰች ካላማዳሪያ ውኃ ውስጥ ይነክርና አረፋዋን ፈልጎ ይለጥፋታል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ እርሻ አለው። «ጎማ የበላኝን መሬት ይከፍለኛል፤ መሬት የበላኝን ጎማ» ይላል። ተለጥፎ ተለጥፎ የማይድን ጎማ ሲያገኝ እሱንም አይጥለውም። በረባሶ ለሚሠራ ይሸጠዋል።

ውጫሌ ላይ ቆሞ ታሪክን አለማንሳት አይቻልም። በ1881 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የተዋዋሉት፣ በ17ኛው አንቀጽ የአንድ ቃል ትርጉም የተጣላንበት ቦታ ነው። አድዋን ያመጣ ጠብ። እኚሁ ንጉሥ ናቸው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ መኪና ይዞላቸው ሲመጣ ለመንዳት የጓጉት። ጣሊያን ግን በ1928 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። ጣርማበርን በስቶ፣ ይሄን የደሴን መንገድ ጠርቦ፣ ትሬንታ ኳትሮውን ነዳበት። በ5 ዓመት ተባረረ። ቃላቱ ግን ጋራዣችን ቀሩ። ፍሪሲዮን፣ ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ ባሌስትራ፣ ጋቢና፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ‘ላንድሮቨር’ 4ኛ ክፍልን አልጨረሰም። ነገር ግን በቀን ውስጥ ስንት የጣሊያን ቃል እንደሚናገር ቢያውቅ ይደነግጣል። በአንድ ቃል ጦር የተማዘዝን ሰዎች፣ እነዚህን ሁሉ ቃላት ያለ ውል ወርሰን እንበላባቸዋለን።

አምስተኛው እኔ ነኝ። እኔ ስለ መኪና አልኖርኩም፤ በብዕር ነው የማድረው። ዲኤክሴ ግን ከምጽፈው ግማሹን ትበላለች።

ሂሳቡን ስደምረው አንድ ነገር ታየኝ። በሌላው ዓለም መኪና ወዳጅ የሚባለው ሰው ሌላ ሥራ አለው። ባንክ ይሠራል፣ ሐኪም ነው፣ መሐንዲስ ነው፤ ደመወዙን በሰንበት መኪናው ላይ ያፈሳል። አዲስ አበባም ቮልሳቸውን እንደ ሙሽራ የሚያስውቡ ሰዎች ሞልተዋል፤ ደስ ይላል። በእኛ ሰፈር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መኪና የሚወዱት መኪና የላቸውም። መኪና ያላቸው ደግሞ ኮፈኑን ከፍተው አያውቁም። ፍቅሩ መዝናኛ ሳይሆን እንጀራ ነው። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣ ሕዝብ፣ መኪና እንደሚያበላም እንደሚበላም ያውቃል።

ከውጫሌ ስመለስ አባትና ልጅ እንደተኳረፉ አገኘኋቸው። ቡና ተፈልቷል። ዓሣ ከሐይቁ መጥቶ ተጠብሷል። ሁለቱም ግን ከእኔ ጋር እንጂ እርስ በርሳቸው አያወሩም።

«የምፈራውን ልንገርህ» አለኝ አባት። «ባለፈው አንድ ኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ደጅ ቆመ። አይዲ ፎር ነው አሉኝ። ሰውዬው ‘እስቲ እየው’ አለኝ። ኮፈኑን ከፈትኩት። ካቻቢቴዬን ይዤ ቆምኩ። የሚሰማ ነገር የለም! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እና ልጄን ወደማይሰማ ነገር ላስገባው?»

ነገሩ እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ፣ መብራት በራሱ ወንዝ ለሚያመነጭ አገር ምክንያቱ አይጠፋም። መኪናው ግን ከሚጠግነው እጅ ቀድሞ መጣ። ይህን የጋራዥ ሰው ሁሉ የሚያጉረመርምበት ነው።

ልጁ ግን ከጥግ ተነሳ። «አባዬ፣ እሱ መኪና የሚሰማ ነገር ባይኖረውም የሚነበብ ነገር አለው። በኮምፒውተር ነው የሚናገረው። በስልኬ አይቻለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የ16 ዓመት ልጅ ከአባቱ ፍርሃት ውስጥ የራሱን ሥራ እንዳገኘ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፍርዴንም የሰጠሁት በዚሁ ነው።

«አንተ» አልኩት ልጁን፣ «የምታነበው ነገር በእንግሊዝኛና በሂሳብ የተጻፈ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ ካቆምክ አታነበውም። ከፍ ያለ የመብራት ኃይል ያለበት ባትሪ ደግሞ በግምት የሚነኩት ነገር አይደለም፤ ይገድላል። ስለዚህ ትማራለህ። 12ኛን ጨርሰህ ቴክኒክና ሙያ ትገባለህ።»

አባት ፊቱ በራ። «አልኩህ እኮ!» አለ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኩት። «አንተ ደግሞ ከሰዓት ከሰዓትና ቅዳሜ ጋራዥ ታስገባዋለህ። ያ አይዲ ፎር የቆመው አንድ ቀን ነው። በዚህ መንገድ ቀን ከሌት የሚያልፈው ግን ናፍጣ ነው። አይሱዙው፣ ሲኖትራኩ፣ አውቶቡሱ ነገ አይጠፋም። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ሞላው ይሰበራል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ፍሬኑ ያልቃል። ይሄን ጆሮህን ከመቃብር በፊት ለማን ልታወርሰው ነው? የመፍቻ ሣጥንህን ዘረፉህ። ጆሮህን ግን ማንም አልወሰደውም። ለልጅህ ካልሰጠኸው አንተው ራስህ ነህ የምትቀብረው።»

«አቦ አንተ ደግሞ ጸሐፊ ነህ፤ ነገር ታሳምራለህ» አለኝና አቀርቅሮ ቡናውን ጠጣ። እሺም እምቢም አላለም።

በማግስቱ ጠዋት ልሰናበት ጋራዡ ሄድኩ። የእኔዋ ዲኤክስ እንደ ልማዷ ልትነሳ ስትል ሳለች። አባት ካቻቢቴውን አነሳ። ወደ ሞተሩ ሊጎነበስ ሲል ቆም አለና እጀታውን ለልጁ ዘረጋለት።

«እንካ፣ አድምጥ» አለው። «ስንተኛዋ ናት?»

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። «ሦስተኛዋ» አለ።

አባት አልመለሰለትም። መፍቻውን አነሳና ሦስተኛዋን ካንዴላ መፍታት ጀመረ።