የጠባሳው ማጠርና የዕቃው ዕድሜ
ስለ ሰው ሠራሽ ዳሌና በጠባብ ቅድ ስለሚደረገው ኦፕራሲዮን

በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር የሚገኙ የሽመና ፋብሪካዎች ለመኪኖቻቸው ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ጥርስ መንኰራኵር ይገዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. በሜይ ወር የዚሁ ዕቃ ሻጭ የሆነ አንድ ወኪል ናሙናውን ይዞ ራይቲንግተን ወደሚባለው ሆስፒታል ገባ። ሆስፒታል የሽመና መኪና የለውም፤ ይሁን እንጂ ጐበዝ ሻጭ ሳያንኳኳ የሚያልፈው በር ስለሌለ ጕዞው አያስደንቅም። ወኪሉ ወደ ሆስፒታሉ የመሣሪያ መሥሪያ ክፍል ተመራ፤ በዚያም ሃሪ ክሬቭን የሚባለው የመሣሪያ ሠራተኛ አነጋግሮት ከፕላስቲኩ ጥቂት ናሙና አስመጣ። ዛሬ በመላው ዓለም በያመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚገባው ሰው ሠራሽ ዳሌ ታሪኩ የተቃናው ከዚህ የሽያጭ ጉብኝት በኋላ ነው።

የዳሌ መገጣጠሚያ፥ የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ሆኖ በዳሌው አጥንት ውስጥ ባለ ጽዋ መሰል ጐድጓዳ ስፍራ የሚሽከረከርበት ነው። ሁለቱን የሚሸፍነው ልሙጥ ልባስ በዕድሜ ወይም በበሽታ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሕመምተኛው ከወንበር ለመነሣት፥ ጫማውን ለማሰር፥ ሌሊት በጐኑ ለመተኛት ይቸገራል። የራይቲንግተኑ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ከብረት የተሠራ ራስ ከፕላስቲክ ጽዋ ጋር አጋጥሞ ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ጽዋው የተሠራው ከቴፍሎን ነው። ቴፍሎን እጅግ ልሙጥ ስለ ሆነ ሕመምተኞቹ በመጀመሪያ ደኅና ተራመዱ፤ ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጽዋው እየተፈጨ አለቀ፥ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቈጣ። ዕቃው በሦስት መቶ በሚያህሉ ሰዎች አካል ውስጥ ገብቶ ስለ ነበር ቻርንሊ ብዙዎቹን እንደገና ማከም ግድ ሆነበት። የቴፍሎኑን ናሙና በገዛ ጭኑ ውስጥ አስገብቶ ጕዳቱን በራሱ አካል ላይ እስከ መፈተን ደርሷል።

ክሬቭን ናሙናውን ባሳየው ጊዜም ቻርንሊ ነገሩን ንቆ ተወው ይባላል። ክሬቭን ግን አለቃው ወደ ኮፐንሃገን በሄደበት ጊዜ ፕላስቲኩን በመፈተኛ መኪናው ላይ አድርጎ ሌትና ቀን አስፈተገው። ሦስት ሳምንት ያህል ተፈትጎም የቴፍሎን በአንድ ቀን የሚያልቀውን ያህል እንኳ አላለቀም። ይህ ፖሊኤቲሊን የሚባለው ዕቃ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ ገባ፤ እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመው ለነጋዴ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ገበያው ቢከፈት ገዢ በሞላ ነበር፤ ቻርንሊ ግን ዕቃውን ይሠራለት የነበረው የሊድስ ከተማ ኩባንያ ታክሬይ፥ ራይቲንግተን ድረስ መጥቶ ሥራውን ላልተማረ ሐኪም እንዳይሸጥ ለዓመታት ከለከለ። በቴፍሎን የደረሰበትን የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ንፉግነት አይቈጥርበትም።

የቻርንሊ ኦፕራሲዮን ሰፊ ነበር። በጭን አጥንቱ ጐን ያለውን ጕብታ ከነጡንቻው በመጋዝ ቆርጦ ይገልጥና ሥራው ሲፈጸም በሽቦ መልሶ ያስረው ነበር። ሌሎችም ዘዴዎች ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ20 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ቅድ ይፈልጉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን በ10 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ ባነሰ ቅድ መሥራት ተስፋፋ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያም በቺካጎ ሁለት ትናንሽ ቅዶችን ከፍቶ፥ በአንዱ ጽዋውን በሌላው ዘንጉን የማስገባት ዘዴ ወጣ። በዚያው ቀን ወደ ቤቱ የሄደ ሕመምተኛ ወሬው በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተሰማ፤ አምራቾችም ለዚሁ የተለዩ መሣሪያዎችን እየሠሩ አቀረቡ።

ምርመራው የመጣው ከማስታወቂያው በኋላ ነው። በቤልፋስት ከተማ አንድ ሐኪም 219 ሕመምተኞችን በዕጣ ለይቶ ከፊሉን በ10፥ ከፊሉን በ16 ሳንቲ ሜትር ቅድ አከመ፤ ሕመምተኞቹም አስታማሚዎቻቸውም የቅዱን ርዝመት እንዳያውቁ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በወጣው ውጤት በፈሰሰው ደም መጠን፥ በአካሄድ ወይም በሆስፒታል በቈዩበት ጊዜ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ሁለት ቅዱን ዘዴ በአስከሬን ላይ መርምረው፥ ከአንዱ አጭር የኋላ ቅድ ይልቅ ጡንቻን የሚጐዳው እርሱ መሆኑን አሳዩ። ቆዳው ትንሽ ተቀደደ ማለት ውስጡ ትንሽ ተጐዳ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። እንዲያውም ቅዱ ሲጠብ የሐኪሙ ዐይን የሚያየው ስለሚያንስ ጽዋው ተዛብቶ የመቀመጡ አደጋ አለ፤ የተዛባ ጽዋ ደግሞ ቶሎ ያልቃል ወይም ራሱን ያወልቃል።

ከአዲሶቹ ዘዴዎች ሥር የሰደደው ከፊት ለፊት የሚገባው ነው። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ በፓሪስ ሮበርት ዡዴ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. ሠርቶበታል። ጡንቻ ሳይቈረጥ በጡንቻዎች መካከል ስለሚታለፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምተኛው ፈጥኖ ይራመዳል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በሌላው መንገድ ከታከመው ጋር ይስተካከላል። ጕዳትም አያጣውም፤ በጭኑ ፊት ያለው ነርቭ ተነክቶ ቆዳው ሊደነዝዝ፥ ገና በሚማር ሐኪም እጅም አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እጅ እስኪለምድ ድረስ ሃምሳና ከዚያ በላይ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል።

ወደ ቤት ፈጥኖ ለመመለስ ከቅዱ ይልቅ የበለጠ የረዳው በዴንማርክ ሄንሪክ ኬህሌት የተባለው ሐኪም የደከመበት የአስተዳደር ለውጥ ነው፤ ይኸውም ሕመምተኛውን አስቀድሞ ማስተማር፥ ሥቃዩን በልዩ ልዩ መድኀኒት ማስታገሥና በታከመበት ዕለት ከአልጋ ማስነሣት ነው። ይህ እንደ ዕቃ በሣጥን ታሽጎ ስለማይሸጥ በማስታወቂያ ብዙ አልተነገረለትም።

የዳሌ ዕቃ ንግድም የራሱ ጠባይ አለው። ለሐኪሙ ትክክለኛው መጠን የሚረጋገጥለት አጥንቱን ከፍቶ ከለካ በኋላ ስለ ሆነ፥ አቅራቢው ለአንድ ሕመምተኛ ጽዋውን፥ ራሱንና ዘንጉን በየመጠኑ አሟልቶ ከመለኪያዎቹና ከመሣሪያዎቹ ጋር ያቀርባል፤ የገባው ይከፈልበታል፥ ሣጥኑ ያልተከፈተው ይመለሳል። ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ይተኛል፤ ከተሐዋስያን የነጻበት ጊዜም በሣጥኑ ላይ ስለ ተጻፈ ያልፋል።

ስዊድን ከ1979 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገባውን ዳሌ ሁሉ በብሔራዊ መዝገብ ትጽፋለች፤ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋታል። ከእንዲህ ያሉ መዝገቦች ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ከመቶው ዳሌ 58 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግል ገምቷል። በሣጥኑ ላይ ያለችው ባለ ቍጥር ወረቀት ተላጣ በሕመምተኛው ፋይል ላይ የምትለጠፈውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ብረት ከብረት የሚፋተግበት አንድ የዳሌ ዐይነት እንዲሰበሰብ በታወጀ ጊዜ ዕቃው በ93,000 ያህል ሰዎች አካል ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሐኪሞችም ለምርመራ የሚጠሩትን ሰዎች የለዩት በዚህችው ቍጥር ነው።